«ያን ጊዜ ቢሆን ኖሮ» ከማለት በፊት፦ ዕድልን በጊዜው ለመያዝ የሚረዳ መመሪያ

በጎንደር ፒያሳ ካሉት ቡና ቤቶች በአንዱ ከሰዓት በኋላ የተቀመጠ ሰው ስለ ወደፊቱ ከሚወራው ይልቅ ስላመለጠው የሚወራውን አብዝቶ ይሰማል። አንዱ በአዘዞ መስመር ቤት በርካሽ ይሸጥ በነበረበት ዘመን ስላልገዛው ቤት፣ ሌላው ሳያመለክት ስለቀረበት የትምህርት ዕድል፣ ሦስተኛው ደግሞ «እንግባ» ሲባል እምቢ ስላለው የንግድ ሽርክና ያነሣል። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚለው ብሂል ይህን ጠባያችንን አስቀድሞ ያወቀው ይመስላል፤ ሆኖም እንዴት እንደሚመጠንና መቼ እንደሚደቆስ አይነግረንም። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚሁ በቀረው ክፍል ላይ ነው። አቋሙም አንድ ነው፦ አብዛኛው ዕድል የሚያመልጠን በመጣበት ቀን ሳይሆን ከመምጣቱ በፊት ባሉት ወራት ስለሆነ፣ ሥራው መጀመር ያለበት ከዚያ ነው።

መጀመሪያ ጸጸቱን መለየት

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ቶማስ ጊሎቪችና ቪክቶሪያ ሜድቬክ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ ሰዎች በቅርቡ ይበልጥ የሚጸጸቱት ባደረጉት ነገር ሲሆን፣ ሕይወታቸውን በሙሉ ዞረው ሲመለከቱ ግን ይበልጥ የሚቆጫቸው ሳያደርጉት የቀሩት መሆኑን አመልክተዋል። ካስቀመጧቸው ምክንያቶች ሦስቱ ለእኛም የሚታወቁ ናቸው። ያደረግነው ነገር ቢበላሽ እናስተካክለዋለን ወይም እንለምደዋለን። ሳናደርገው የቀረነው ግን መጨረሻው ስለማይታወቅ በሐሳባችን እያማረ ይሄዳል። በዚያ ላይ ያን ጊዜ ያስቀረን ፍርሃት ከዓመታት በኋላ ስለሚረሳ፣ «ምን ነክቶኝ ነው?» እያልን ራሳችንን ያለ ይግባኝ እንፈርድበታለን።

ስለዚህ አንድ ወረቀት ወስደው አመለጡኝ የሚሏቸውን ነገሮች ይጻፉ። ዝርዝሩ ረጅም መሆን የለበትም፤ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሱት ብቻ ይበቃሉ። በእያንዳንዱ አጠገብ የቀረበትን ምክንያት በአንድ ዐረፍተ ነገር ያስፍሩ። አንዳንዶቹ ከእርስዎ አቅም ውጪ የነበሩ ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭት ምክንያት መንገድ ሲዘጋና ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ የማመልከቻ ቀን ያለፈበት ተማሪ፣ ወይም ጭነቱ መንገድ ላይ የቀረበት ነጋዴ፣ ራሱን የሚወቅስበት ምክንያት የለውም፤ ይህን ከስንፍናው ጋር ደምሮ መቁጠሩ በደረሰበት በደል ላይ ሌላ በደል መጨመር ነው። ሌሎቹ ደግሞ በጊዜው በነበረዎት መረጃ በትክክል ወስነው ውጤቱ ያላማረባቸው ይሆናሉ። የሚያስተምሩት በሦስተኛው ወገን ያሉት ናቸው፦ ሰነድ ባለመዘጋጀቱ፣ ገንዘብ በእጅ ባለመኖሩ፣ ወሬው ዘግይቶ በመድረሱ ወይም ዛሬ ነገ ሲባል የቀሩት። ከእነዚህ መካከል የሚደጋገመውን ምክንያት ይፈልጉ። አንድ ሰው በአሥር ዓይነት ምክንያት ወደ ኋላ ሲቀር እምብዛም አይታይም፤ ደግሞ ደጋግሞ የሚያስቀረው አንድ ወይም ሁለት ነገር ነው። ከዚህ በታች ካሉት ክፍሎችም በይበልጥ ሊያነብቡት የሚገባው ያንን ምክንያት የሚመለከተውን ነው።

ዕድል የራሱ ወቅት አለው

ዕድል ሳይታሰብ የሚመጣ ነገር ነው የሚለው አስተሳሰብ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳን ይመስለኛል። በጎንደርና በአካባቢዋ ያለውን ብንመለከት አብዛኛው ዓመት ጠብቆ የሚመላለስ ነው። ጥምቀት ጥር 11 ቀን መሆኑን የማያውቅ የለም፤ በዓሉ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት መመዝገቡም ሁሉም የሰማው ነው። ታቦታቱ የሚወርዱበት የአፄ ፋሲል መዋኛ ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ በሚመጣ ውኃ የሚሞላው አስቀድሞ እንጂ በከተራ ዕለት አይደለም። ያም ሆኖ በየዓመቱ ታኅሣሥ ሲጋመስ «ዘንድሮስ እንግዳው ሳያመልጠኝ» ብሎ መሯሯጥ የሚጀምር ነጋዴ ብዙ ነው። የሀገር ባህል ልብስ ለመሸጥ ያሰበች ሴት ድሩንና ማጉን በኅዳር መጀመሪያ ካላዘጋጀች፣ ሸማኔው የሌሎችን ትእዛዝ ከያዘ በኋላ ብትለምነው አይደርስላትም። ክፍል ለማከራየት ያሰበ ባለቤት ቀለሙን፣ የውኃ ማጠራቀሚያውንና አልጋውን በጥቅምት ካላሰበበት፣ እንግዳው በመጣበት ሳምንት ያገኘውን ሠራተኛ በተጠየቀው ዋጋ ይቀጥራል።

በምዕራብ በኩል ያለው የሰሊጥ ሥራም እንዲሁ ነው። ሰሊጥ ደርቆ ቆባው ከተከፈተ ፍሬው ስለሚረግፍ አጨዳው ሊቆይ አይችልም፤ በመተማና በሑመራ ቆላ ከመስከረም ጀምሮ የጉልበት፣ የጭነት፣ የምግብና የማዳበሪያ ከረጢት ገበያው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሚጦፈው በዚህ ምክንያት ነው። የመሥሪያ ቤቶች ግዢም ወቅት አለው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ በመጨረሻዎቹ ወራት የጨረታ ማስታወቂያ በበኩርና በአዲስ ዘመን ጋዜጦች ላይ ይበዛል፤ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የግብር ክሊራንስ የሌለው ነጋዴ ግን ማስታወቂያውን አንብቦ ከማዘን የተረፈ ነገር አያገኝም። ወደ ውጭ አገር ትምህርት የሚያስብ ሰው ደግሞ የብሪታንያው ቼቭኒንግ የነፃ ትምህርት ዕድል አብዛኛውን ጊዜ ከነሐሴ ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ ወይም እስከ ጥቅምት ድረስ ማመልከቻ እንደሚቀበልና ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ እንደሚጠይቅ፣ የአውሮፓው ኢራስመስ ሙንዱስ የማስተርስ መርሐ ግብሮችም አብዛኞቹ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ማመልከቻ እንደሚቀበሉ ማወቅ ይገባዋል።

እንግዲህ የሚሹትን ዕድል ከለዩ በኋላ በቀን መቁጠሪያዎ ላይ ሁለት ቀኖችን ያስፍሩ፦ ዕድሉ የሚከፈትበትንና ዝግጅቱ የሚጀመርበትን። ሁለተኛውን ለማግኘት ከመጨረሻው ቀን ተነሥተው ወደ ኋላ ይቁጠሩ፤ እያንዳንዱ ሰነድ፣ እያንዳንዱ ፊርማ፣ እያንዳንዱ ግዢ የሚወስደውን ጊዜ ይጻፉ፤ በድምሩም ላይ ለመብራት መጥፋት፣ ለስብሰባና «ኃላፊው ለመስክ ወጥተዋል» ለሚባልበት ቀን የሚሆን ተጨማሪ ጊዜ ይጨምሩበት። የመጨረሻውን ያልኩት ለቀልድ አይደለም።

ሰነድ

ከሁሉ ይልቅ ዕድል ሲቀር የማየው በወረቀት ምክንያት ነው። በመጀመሪያ የስም አጻጻፍን ይመልከቱ። በ12ኛ ክፍል የምስክር ወረቀት፣ በዲግሪ፣ በፓስፖርትና በፋይዳ መታወቂያ ላይ ያለው የላቲን ፊደል አጻጻፍ በአንድ ፊደል እንኳ ቢለያይ፣ ሰነዱን የሚመረምረው የውጭ ተቋም ሁለት ሰዎች አድርጎ ሊወስደን ይችላል። የልደት ቀንም ሌላው የስሕተት ምንጭ ነው። በእኛና በጎርጎርዮስ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ስለሆነ፣ በአንዱ ሰነድ ላይ በስምንት፣ በሌላው ላይ በሰባት የተሰላ ዓመት ይገባል። ይህን ማስተካከል ጊዜ ይወስዳል፤ የማመልከቻ ጊዜ ከተከፈተ በኋላ ሊደርስ አይችልምና ዕድል በሌለበት ወር ይጨርሱት።

ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመረቁ ከሆነ የወጪ መጋራት ክፍያዎ የት እንደደረሰ ይጠይቁ፤ ዋናውን ዲግሪና ለሌላ ተቋም የሚላከውን ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማግኘት ይህ ጉዳይ መጠናቀቅ ስላለበት፣ ተቀባይነት ካገኙ በኋላ ከሚያውቁት አስቀድሞ ቢያውቁት ይሻላል። ፓስፖርትዎ የቀረው ጊዜ ከስድስት ወር በታች ከሆነ ብዙ አገሮች እንደማይቀበሉት ልብ ይበሉ። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉልዎ መምህር ወይም አለቃ እርስዎን በደንብ የሚያስታውሱት በተለያያችሁበት ዓመት ነው፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ሄደው «ጋሼ፣ ያስታውሱኛል?» ከማለት፣ ዛሬ ስለ ሥራዎ አንድ ገጽ ጽፈው በመስጠት ደብዳቤውን መጠየቅ ይቀላል። ሁሉንም በስካነር አንሥተው በስልክዎና በኢሜይልዎ ያስቀምጡ፤ ዋናዎቹን ግን እናት አልጋ ሥር ባለ ሻንጣ ውስጥ ቢሆንም እንኳ በአንድ ቦታ ያኑሩ።

ሰውና ገንዘብ

አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ማርክ ግራኖቬተር በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በቦስተን አቅራቢያ በሰው በኩል ሥራ ካገኙት መካከል አብዛኞቹ ወሬውን የሰሙት ከቅርብ ወዳጅ ሳይሆን አልፎ አልፎ ከሚያገኙት ሰው መሆኑን አሳይቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የቅርብ ወዳጃችን የሚያውቀውን እኛም እናውቀዋለን፤ በሩቅ የምናውቀው ሰው ግን የሚውለው በሌላ ቦታ ነው። በጎንደር እንዲህ ያለውን ሰው ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የዕድር አባላት፣ የጽዋ ማኅበርተኞች፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ በማራኪ ወይም በቴዎድሮስ ግቢ አብረዎት የተማሩ ልጆች፣ ቅዳሜ ገበያ ያሉ ደንበኞች ሁሉ አሉ። ችግሩ ሰው ማጣት ሳይሆን የምንፈልገውን አለመናገራችን ነው። ነገር ሳይሆን አይወራም ብለን አድገናል፤ ምቀኛ ይሰማል፣ ዓይን ይገባበታል ብለን እንሠጋለን። ለዚህ ልማድ አክብሮት አለኝ፤ ያልተጨረሰ ነገር በየመንደሩ መዝራትም አይበጅም። ነገር ግን ለሁሉም ዝም ማለት ለሁሉም ከማውራት የተሻለ አይደለም። የሚፈልጉትን ለጉዳዩ ቅርብ ለሆኑ ጥቂት ሰዎች፣ ግልጽ አድርገው ይንገሩ፤ «ሥራ ካለ አስቡኝ» ማለት ማንም ሊያስታውሰው የማይችል ልመና ሲሆን፣ «በሒሳብ አያያዝ የሦስት ዓመት ልምድ አለኝ፤ በሆቴል ወይም በአስመጪ ድርጅት ቦታ ሲወጣ ይደውሉልኝ» ማለት ግን የሰሚውን ጆሮ ያዘጋጃል።

ስለ ገንዘብ ብዙ የሚባል የለም። ዕቁብ ከገቡ፣ ዕጣው የሚወጣበት ጊዜ ከሚጠብቁት ዕድል ወቅት ጋር እንዲገናኝ አስቀድመው ከሰብሳቢውና ከአባላቱ ጋር ይነጋገሩ፤ ብዙ ዕቁቦች ተራ መለዋወጥን በስምምነት ይፈቅዳሉ። ብድር የሚያስፈልግዎ ከሆነ፣ ቀድሞ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) ይባል በነበረው በጸደይ ባንክም ሆነ በሌላ ባንክ ዘንድ የቁጠባ ታሪክዎ መጀመር ያለበት ብድሩን ከመፈለግዎ በፊት ነው።

መወሰን

ዕድሉ በር ላይ ሲቆም አብዛኛው ሰው ራሱን የሚጠይቀው «ባይሳካስ?» ብሎ ነው። የሥነ ልቦና ሊቃውንቱ ዳንኤል ካህነማንና ኤሞስ ትቨርስኪ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1979 ባቀረቡት ንድፈ ሐሳብ እንዳስረዱት፣ የሰው ልብ ከሚያገኘው ይልቅ ለሚያጣው አብልጦ ይጨነቃል፤ አንድ ሺህ ብር ማጣት የሚያስከትለው ሕመም አንድ ሺህ ብር ማግኘት ከሚሰጠው ደስታ ይበልጣል። በዚህ ምክንያት ባሉበት መቆየት ምንም ወጪ የሌለው መስሎ ይታያል። ስለዚህ በወረቀት ላይ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ ቢሳካ የማገኘው፣ ባይሳካ የማጣው፣ ምንም ባላደርግ ከአምስት ዓመት በኋላ የምገኝበት። ሦስተኛው ብዙውን ጊዜ የሚዘለለው ነው፤ ሐቁን የሚያወጣውም እርሱ ነው።

ቀጥሎ ውሳኔው የሚመለስ መሆን አለመሆኑን ይመርምሩ። ለአጭር ሥልጠና ማመልከት፣ የሙከራ ሸቀጥ በትንሹ መግዛት፣ ለቃለ መጠይቅ መቅረብ፣ እነዚህ ሁሉ ባይሆኑ የሚመለሱ ስለሆነ በአንድ ሁለት ቀን ይወስኑ። ቤት ሽጦ ንግድ መጀመር፣ ሥራ መልቀቅ፣ ትዳር፣ አገር መልቀቅ ግን በቀላሉ አይመለሱምና ጊዜ ይስጧቸው፤ ሆኖም ለእነዚህም የውሳኔ ቀን ይቁረጡ። «አስብበታለሁ» ብሎ ቀን አለመቁረጥ እምቢ ማለት ነው፤ ልዩነቱ እምቢ ባዩ ራሱ አለማወቁ ብቻ ነው።

የሚከራይ ቤት ወይም ሱቅ የሚፈልግ ሰው የሚገጥመው ችግር ትንሽ ይለያል፤ ዛሬ ያየው ነገ አይጠብቀውም። የሒሳብ ሊቃውንት ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ የደረሱበት መልስ አለ፦ አማራጮቹ በተራ የሚመጡና ያለፈው የማይመለስ ከሆነ፣ ከጠቅላላው 37 በመቶ ያህሉን ሳይመርጡ መመልከት፣ ከዚያ በኋላ እስካሁን ከታዩት ሁሉ የሚበልጠው እንደመጣ መያዝ። አሥር ቤት ለማየት ካሰቡ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወይም አራት ለመማሪያ ያድርጓቸው ማለት ነው። ስሌቱ ከሁሉ የሚበልጠውን ካላገኘሁ ለሚል ሰው የተሠራ ነው፤ ደኅና ቤት የሚበቃው ሰው ከዚያም ቀድሞ ቢይዝ አይጎዳም።

ቤተሰብን ማማከርም የራሱ መንገድ አለው። አባትዎን «ልሂድ ወይ?» ብለው ከጠየቁ የሚያገኙት መልስ የልጅ ፍቅር የሚናገረው «ተው» ነው። ይልቁንም ነገሩን አብራርተው «አባዬ፣ በዚህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚያሠጋዎ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ የሚጠቅሱት ሥጋት ብዙ ጊዜ እርስዎ ያላዩት ነው፤ አብራችሁም መፍትሔ ትፈልጉለታላችሁ። ይህን ውይይት ማድረግ ያለብዎ ደግሞ ማመልከቻው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው አይደለም።

ዕድል መስሎ የሚመጣ አደጋ

እስካሁን የተባለው ሁሉ «የመጣውን ሁሉ ያዝ» ማለት እንዳልሆነ በተለይ ከእኛ አካባቢ ላለ ወጣት መነገር አለበት። ከጎንደር ወደ መተማና ከዚያ ወደ ሱዳን የሚወስደው መንገድ ለብዙ ዓመታት ሕገወጥ ደላሎች ወጣቶችን የሚያሻግሩበት ነው፤ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ሱዳን ራሷ ጦርነት ውስጥ ናት። ደላላው የሚጠቀምበት ዋና መሣሪያ ይህ ጽሑፍ የሚናገርለት ጸጸት ነው፤ «ጓደኞችህ ሄዱ፣ አንተ ቀረህ፤ ዛሬ ካልከፈልክ ቦታው ያልፍሃል» ይላል። እውነተኛ ዕድል የመጨረሻ ቀን ይኖረዋል፤ ነገር ግን ቀኑ በጽሑፍ የተገለጸ፣ ለሁሉም እኩል የሆነና ሌላ ሰው ሊያረጋግጠው የሚችል ነው። በስልክ ብቻ የሚነገር፣ ለማንም እንዳይወራ የሚያዝ፣ ደረሰኝ የሌለው ክፍያ የሚጠይቅ ጥድፊያ ካለ ይተዉት። ለሥራ ወደ ውጭ የሚላክ ሰው ሁለቱ መንግሥታት ስምምነት ወዳላቸው አገር፣ በሕጋዊ መንገድ፣ ለምሳሌ ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ በኩል መሄድ እንዳለበት፣ በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 923ም የቪዛንና የጉዞን ወጪ በአሠሪው ላይ እንዳደረገ ያስታውሱ፤ ስለ እነዚህ ወጪዎች ገንዘብ ሲጠየቁ ምክንያቱን ይጠይቁ።

ካመለጠ በኋላ

ማለፉን ከማመንዎ በፊት ይጠይቁ። በቅጥር ውድድር ሁለተኛ የወጣ ሰው በተጠባባቂነት ሊያዝ ይችላል፤ አንደኛው ሳይመጣ ሲቀር የሚጠራው ስልኩ የሚሠራው ተጠባባቂ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠውን የመውጫ ፈተና ያላለፈ ተመራቂ እንደገና ሊፈተን ይችላል፤ በዚያው ዓመት የተጀመረው የሪሚዲያል ትምህርትም በ12ኛ ክፍል ፈተና የማለፊያውን ነጥብ ላላገኙ ብዙ ተማሪዎች ሌላ በር ሆኗል። ውድቅ የተደረገ ማመልከቻ ካለዎት ምክንያቱን በትሕትና በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መልስ ባይመጣ የሚያጡት የለም፤ ከመጣ ግን የሚቀጥለው ዓመት ማመልከቻ ግማሹ ተጽፎ አለቀ ማለት ነው። በእርግጥ ያለፈውንም «ያለፈ ክረምት ቤት አይሠራለትም» ብለው ይተዉት፤ ለሚቀጥለው ክረምት ግን ከወዲሁ ይሥሩ።

በመጨረሻ ለወላጆች የምለው አለኝ። ያመለጠን ዕድል በልጅ በኩል ለማግኘት መሞከር በከተማችን የተለመደ ነው፤ ሕክምና ሳይማር የቀረ አባት ልጁን ገና ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ «ዶክተሬ» እያለ ይጠራዋል፤ የሕክምና ኮሌጁ ደጅ ላይ ማደጋችን ይህን ምኞት ሳያበረታው አልቀረም። ልጁ በእርግጥ ሐኪም መሆን ይፈልግ ይሆናል። ካልፈለገ ግን እርሱ የሚሻው ዕድል እየመጣ የሚያልፈው እርስዎ በሚያሳዩት በር በኩል ስላልመጣ ይሆናል። ስለዚህ ከዘመዶች ፊት ሳይሆን ለብቻ በሆናችሁበት ሰዓት «አንተ ራስህ የምትጠብቀው ምንድን ነው? መቼስ ይመጣል?» ብለው ይጠይቁት፤ ሲመልስ አያቋርጡት፤ የጠቀሰውንም ቀን በራስዎ የቀን መቁጠሪያ ላይ ያስፍሩት።